ሦስት ካርቶን፣ አንድ ኩሽኔታ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ኩሽኔታ ስሸጥ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ለማያውቅ ሰው፣ ኩሽኔታ ማለት የመኪና ጎማ ያለ ችግር እንዲሽከረከር መሃሉ ላይ የሚገባ፣ በውስጡ የብረት ኳሶች ያሉት ቀለበት ነው። እሱ ሲበላ መኪናው ይጮሃል። የእኔም ጉልበት ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ መጮህ ጀምሯል። ደረጃ ስወርድ ሲንቋቋ ከኋላዬ ያለ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። ባለቤቴ ራድያ «የአገሩን መኪና ኩሽኔታ ቀይረህ የራስህን ረሳኸው» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ደረጃው ጋ እስክንደርስ ነው።

ይህ የማወራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ከድር ነው፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር፣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። መካኒክ «ይሄ አይሆንም» ቢለኝ እከራከራለሁ፤ ሐኪም ቢለኝማ ጭራሽ አልሰማም። ሱቄ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት አለ። «ካርቶን አይታይም፣ ቁጥር ይታያል» ይላል። አንድ ፋብሪካ የሠራው አንድ ኩሽኔታ በሦስት ዓይነት ካርቶን ታሽጎ፣ በሦስት አገር ስም መርካቶ ይገባል። ገዢው በካርቶኑ ማማር ይታለላል። ብረቱ ላይ የተመታችውን ቁጥር ያየ ግን አይሸወድም። ይቺን ወረቀት አትርሷት፣ ኋላ ታሳፍረኛለች።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ለእኛ ለስልጤዎች አረፋ ማለት አገር ቤት መግባት ነው። የመርካቶ ስልጤ ሱቁን ቆልፎ፣ እቃውን ሸክፎ፣ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። እኔ መርካቶ ከገባሁ ጀምሮ አንድም አረፋ ቀርቼ አላውቅም። እናቴ ሰማንያን ተሻግራለች፤ በሬው ሲታረድ እኔ ካልቆምኩ ሥጋውን አትቀምስም። ችግሩ አውቶቡሱ የሚያወርደን አስፋልት ላይ ነው። ከዚያ እስከ እናቴ ደጃፍ የአንድ ሰዓት ዳገት አለ። ዓመቱን ሙሉ የማስበው ስለዚያ ዳገት ነው ብል አልዋሸሁም።

ስለዚህ ጉልበቴን ለዳገቱ ማዘጋጀት የጀመርኩት ከዓመታት በፊት ነው። በእኛ ተራ አንድ ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ተካ ፊልትሮ፣ የመኪና ዘይት ማጣሪያ፣ የሚሸጡ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው፤ እሳቸው «እኔን ያስነሣኝ ይሄ ነው» ብለው ነጭ ኪኒን ሰጡኝ። ከዱባይ እቃ የሚያስመጣ ሌላ ጎረቤት ደግሞ ወርቃማ ጽሑፍ ካለበት ካርቶን ቀይ ኪኒን አወጣና «ነጩ ምን ያደርግልሃል፣ ኦሪጅናሉ ይሄ ነው» አለኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ ራድያ ጥርሷን ሲያማት የታዘዘላት ሮዝ ኪኒን ተርፏት ነበር። እኔም እንደ ነጋዴ አሰብኩ። ሦስት አቅራቢ ያለው ሰው አንዱ ቢቀርበት ሁለቱ ያቆሙታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ብዬ ሦስቱንም ያዝኩ።

ከሁሉም በላይ ያደፋፈረኝ ግን የእናቴ ምስክርነት ነው። ነጩንና ቀዩን ኪኒን ለእሷም ጉልበት ብዬ በሚሄድ ሰው ሁሉ እልክላት ነበር። ዓርብ ዓርብ ስደውልላት «ልጄ፣ ያቆመኝ ያንተ መድኃኒት ነው» ትለኛለች፣ ምርቃቱንም ታዥጎደጉደዋለች። የእኔ ጉልበት እንደሚያመኝ ግን አልነግራትም። የሰማንያ ዓመት ሴት ካቆመ እኔንማ ያስሮጠኛል አልኩ።

ከአረፋ በፊት ያሉትን ቀናት እንጾማለን። ቀን መዋጥ ስለማልችል ጎህ ሳይቀድ ሦስቱንም አንድ ላይ እውጣቸዋለሁ። በዚያ ሰዓት ምግብ አይወርድልኝም፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ነው። ከቀናት በኋላ ሆዴን ያቃጥለኝ ጀመር፤ ረሀብ ነው አልኩ። ሲያዞረኝ ጾሙ ነው አልኩ። ይቅርታ አድርጉልኝና ሰገራዬም ጠቆረ፤ ማታ ማታ ከማር ጋር የምልሰው ጥቁር አዝሙድ ነው አልኩ። ነጋዴ ለየትኛውም እቃ ምክንያት አያጣም፣ እኔም ለየትኛውም ሕመም አላጣሁም።

አረፋ ሦስት ቀን በቀረው በዚያ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ለነገ ጉዞ ጠንከር ያለ ነገር ልገዛ አብነት ሰፈር ወዳለው መድኃኒት ቤት ተነሣሁ። ጋሼ ተካ ፊቴን አይተው «አመድ መስለሃል፣ ብቻህን አትሄድም» ብለው ተከተሉኝ። ሁለት ቦታ ቆሜ አረፍኩ። እሳቸው እየጠበቁኝ፣ በእሳቸው ዕድሜ እኔን መጠበቅ ነውር መሆኑን ነገሩኝ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረገች ወጣት ፋርማሲስት ነበረች። ዳገት የሚያስወጣ የጉልበት ኪኒን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። እስካሁን ምን እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ይሄን ጊዜ ሦስቱን ካርቶን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ፣ ለደንበኛ ናሙና እንደማሳይ አድርጌ ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ እያገላበጠች ደቃቁን ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሶማሌ ተራ ኩሽኔታ እሸጣለሁ አልኳት።

ፊቷ በራ። አባቷ መካኒክ እንደሆነና በዚያው በእኛ ተራ ሠርቶ እንዳሳደጋት ነገረችኝ። «እንግዲያው ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ሰው ሦስት የተለያየ ካርቶን ይዞልዎት ቢመጣ፣ ግን ቁጥሩ አንድ ቢሆን ምን ይሉታል?»

«ቁጥሩ አንድ ከሆነ እቃው አንድ ነው። ካርቶን አይታይም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲያው ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አለችና በጣቷ አሳየችኝ።

መነጽሬን አደረግኩ። በጋሼ ተካ ነጭ ካርቶን ላይ ዳይክሎፌናክ ይላል። የዱባዩን አነሣሁ። ከወርቃማው ትልቅ ስም ሥር፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ ዳይክሎፌናክ ይላል። ጆሮዬ ጋለ። ሦስተኛውን በችኮላ አነበብኩና አይቡፕሮፌን የሚል ሳገኝ እፎይ ብዬ «ይቺ ግን ሌላ ናት» አልኳት።

«ስሟ ነው ሌላ፣ ዘመዳቸው ናት» አለች። «የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፣ ጉዳታቸውም አንድ ነው። አንዱን የሚወስድ ሰው ሌላውን አይጨምርም። እርስዎ የሦስት ሰው ድርሻ ውጠዋል ጋሼ። ያውም በምን ሆድ?»

በባዶ ሆድ እንደሆነ ነገርኳት። ጾሙን፣ ማቃጠሉን፣ ማዞሩን ሁሉ አንድ በአንድ አስወጣችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሰገራዬ ጠየቀችኝ። ጋሼ ተካ ወዲያው ዞረው የጥርስ ሳሙና ዋጋ መመርመር ጀመሩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለ ጥቁር አዝሙዱ አስረዳኋት። ጥቁር ብቻ ነው ወይስ እንደ ሬንጅ ያጣብቃል ስትለኝ፣ ሬንጅ መሆኑን አመንኩ።

«እሱ አዝሙድ አይደለም» አለች። «ጨጓራዎ እየደማ ይሆናል። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሆስፒታል ይሂዱ።»

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ መደራደር ጀመርኩ። ነገ ጎህ ሲቀድ መሳፈሬ ነው፣ እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ከአረፋ መልስ እሄዳለሁ አልኳት። «ጋሼ፣ እዚህ ክርክር የለም» አለችኝና ሦስቱን ካርቶን ወደ ራሷ ሳበቻቸው። ተናድጄ ልውጣ ብዬ ስዞር የመድኃኒት መደርደሪያው ወደ እኔ ያዘነበለ መሰለኝ። ያዘነበልኩት እኔ ነበርኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ጭንቅላቴ የጋሼ ተካ ጭን ላይ ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ እስከዛሬ አልረሳውም። «ነጩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» ይላሉ ደጋግመው። ታክሲ ተጠራ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንደርስ የአረፋ በግ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል፣ መኪና አይላወስም። ጋሼ ተካ ወረዱና በፊልትሮ ነጋዴ ድምፃቸው በጉን ሁሉ ግራና ቀኝ ከፈሉት። ታክሲው በመሃል ሲያልፍ፣ በዚያ ሁኔታዬ እንኳ ሳቄ መጣ።

ሆስፒታል በአፌ ካሜራ ያለው ቱቦ ከተው አዩኝ። ጨጓራዬ ላይ የሚደማ ቁስለት ተገኘ፣ መድማቱን አስቆሙት፣ ደም ተሰጠኝ። ምትክ ደም ልስጥ ብሎ ተራችን ግማሹ መጥቶ ኮሪደሩን ሞላው አሉ፤ ቀይ ኪኒን የሰጠኝ ጎረቤቴ ከሁሉም ፊት ነበር። ሐኪሙ የግፊት መድኃኒት እንደምወስድም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እነዚህ ኪኒኖች ግፊት እንደሚጨምሩ፣ ኩላሊትም እንደሚጎዱ፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አደጋቸው እንደሚብስ ነገረኝ። በማግስቱ ያንን አውቶቡስ ብሳፈር ኖሮ መንገድ ላይ ልቀር እችል እንደነበርም አልደበቀኝም። አረፋ ቀረብኝ። ግድግዳውን አይቼ እንደ ልጅ አኮረፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ራድያ አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ለእናቴ ያዘጋጀሁትን ሻንጣ ዛሬ በሚሄድ ዘመድ እንደምትልከው ነገረችኝ። ነጠላውን፣ ስኳሩን፣ ጫማውን ቆጠረችና «ኪኒኖቹንም ልጨምር?» አለች።

ሐኪሙ ስለ ዕድሜ ያለው ትዝ አለኝ። እኔን በሃምሳ አራት ዓመቴ መሬት ላይ የዘረረኝን ኪኒን፣ ነጩንም ቀዩንም፣ ለሰማንያ ዓመት እናቴ ለዓመታት ስልክ ኖሬያለሁ። እሷም እየጾመች ነው።

ስልክ አነሣሁ። ገጠር ያለው ስልክ የእህቴ የሙንተሃ ነው። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሣም። ራድያ፣ የአረፋ ሰሞን ስለሆነ ሴቱ ሁሉ ሥራ ላይ ነው ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች። እኔ ግን እናቴ ጓዳ ወድቃ፣ ሰው ከቧት ነው የምትታየኝ። ስንቴ እንደደወልኩ አላውቅም። ጉሉኮሱን ነቅዬ ልሄድ ስል ጋሼ ተካ ደረሱና ትከሻዬን ይዘው አስተኙኝ። አላህን ለመንኩት። የቀትሩን የዙሁር ሶላት ተኝቼ ሰገድኩና፣ አረፋውም ይቅር፣ ዳገቱም ይቅር፣ እሷን ብቻ አቆይልኝ አልኩ። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ከሶላት በኋላ ስልኩ ተነሣ። ሙንተሃ ስልኩን ቤት ትታ ገበያ ውላ መግባቷ ነበር። እናቴን አቅርቢልኝ ብዬ ጮህኩባት።

«እማዬ፣ የላክሁልሽን ኪኒን ዛሬ ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ እንጂ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ያንተ መድኃኒት አይደል?»

«አትዋጪው! ከአሁን በኋላ አንድም ፍሬ እንዳትነኪ። እኔ እሱን ውጬ ጨጓራዬ ደምቶ ሆስፒታል ነኝ። ሆድሽን ያምሻል? ሰገራሽ ጠቁሯል?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ» እያልኩ ተጣራሁ።

«ከድር» አለች፣ ቀስ ብላ። «እንዳትቆጣኝ። ከመጀመሪያዋ ፍሬ በቀር አንዱንም አልዋጥኩትም።»

ምን እንዳለች አልገባኝም፣ ደግማ ነገረችኝ። የመጀመሪያዋን ፍሬ የዋጠች ዕለት ሆዷን አቃጠላት። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ብታሳይ፣ ለአንቺ አይሆንም፣ ተይው አለቻት። ተወችው። ልጇ ግን ከመርካቶ አስቦ፣ ሰው ለምኖ የላከውን እንዴት አልበጀኝም ትበለው? እያንዳንዱን ካርቶን እንደመጣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው። በየዓርቡ ደግሞ እኔ ደስ እንዲለኝ ታመሰግነኛለች። እኔ እሷ ዳነች ብዬ መዋጡን አበዛሁ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ጉሉኮሱ የተሰቀለበት ብረት እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። ጋሼ ተካ ቱቦው ጭንቅላቴን የነካው መስሏቸው ነርስ ሊጠሩ ተነሡ። ሳቁ ሲያልቅ እንባዬ መጣ። እናቴ በስልኩ ውስጥ «አረፋ በየዓመቱ ይመጣል፣ አንተ ግን አንድ ነህ» እያለች ታባብለኛለች። ጉልበቷስ በእውነት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሌሊት ሌሊት እንደሚጠዘጥዛት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ከደጅ ብዙም እንዳልራቀች ያን ቀን ገና ነገረችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ እናትና ልጅ ግን አንዳችን ለሌላችን ስንል ነበር የተደባበቅነው።

ከወር በኋላ አገር ቤት ገባሁ። ዳገቱን በከዘራ፣ እያረፍኩ፣ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኝ ወጣሁት። እናቴ ከአረፋው ያቆየችልኝን ቋንጣ ከማቅረቧ በፊት የብስኩት ቆርቆሮውን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከዚያች ከአንዲቱ ፍሬ በቀር አንዱም አልተነካም፣ አንዳንዱ ካርቶን ከማርጀቱ ቢጫ ሆኗል። «ነጋዴ አይደለህ፣ መልሰህ ሽጠው» አለችኝ። ይዤው ተመለስኩና እንዲያስወግዱልኝ ለፋርማሲስቷ አስረከብኩ። ስታየው ፈገግ ብላ፣ እናትዎ ከእርስዎ ይሻላሉ አለችኝ።

አሁን የእናቴን ጉልበት ሐኪም ያየዋል። በሕመሟ ቀን ፓራሲታሞል በልኩ ትወስዳለች፣ የሚቀባ ነገር ተሰጥቷታል፣ ጭኗን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሙንተሃ ታሠራታለች። ቀጥ ብላ ባትሮጥም መስጊድ ደርሳ ትመለሳለች። እኔም ክብደት ቀንሻለሁ፣ እንቅስቃሴዬን ሱቅ ውስጥ ወንበር ይዤ ስሠራ ተራው ሁሉ ይስቅብኛል። እነዚያን ኪኒኖች ዳግም አልነካቸውም፣ ለደማ ጨጓራ አይሆኑም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ኪኒኖቹን ጠላት ናቸው እያልኳችሁ አይደለም። ፋርማሲስቷ እንዳስረዳችኝ፣ ለሚስማማው ሰው አንድ ዓይነት ብቻ፣ በታዘዘው መጠን፣ ምግብ ተበልቶ፣ ለጥቂት ቀን ሲወሰዱ ሥራቸውን ይሠራሉ። የጨጓራ፣ የግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ዕድሜው የገፋ ግን ሳይጠይቅ አይንካቸው። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ከጎረቤት መቀበሌ፣ ካርቶን ማየቴና ዝም ማለቴ ነው። ሱቄ ያለችውን ወረቀት አላነሣኋትም። ከሥሯ «መድኃኒትም እንደዚያው» የሚል ጨመርኩባት። ዛሬ የተራው ሰው ኪኒን ሲገዛ ካርቶኑን ይዞ እኔ ጋ ይመጣና አብረን ደቃቁን ጽሑፍ እናነባለን፤ ያልገባንን ይዘን አብነት እንወርዳለን። ጋሼ ተካ ለማንም ኪኒን አይሰጡም፣ ምክር ግን አላቆሙም።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ እንደወትሮው ለእናቴ እደውላለሁ። ከሰላምታው ቀጥዬ ጉልበትሽስ እላታለሁ። «ዛሬስ ያመኛል ልጄ» ትለኛለች። እኔም ደስ ብሎኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።